ከፈረሱ ጋር የሚሮጥ ግብር

እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ እንግሊዝ አገር ውስጥ ውርርድ ቤት ገብቶ በፈረስ ላይ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው ሌላም የሚወስነው ነገር ነበረው፤ ታክሱን አሁን ልክፈል ወይስ ካሸነፍኩ በኋላ? ተቆራጩ 9 በመቶ ነው። 10 ፓውንድ የሚያስይዝ ሰው 90 ፔንስ ጨምሮ ከከፈለ፣ ሲያሸንፍ ገንዘቡ ሳይነካ ይደርሰዋል። ኋላ ይሁን ካለ ግን፣ አራት ለአንድ በተሰጠው ፈረስ ሲያሸንፍ ከሚመለስለት 50 ፓውንድ ላይ 4 ፓውንድ ከ50 ይቆረጥበታል። በፈረሱ የተማመነ ቀድሞ ይከፍላል። ሜዳ ድረስ ሄዶ የሚወራረደው ደግሞ ከ1987 ወዲህ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር።

መንግሥት እዚያ ባንኮኒ ለመድረስ ብዙ ዞሯል። በ1906 የወጣው ሕግ የመንገድ ላይ ውርርድን ከለከለ። ከአወራራጅ ጋር የዱቤ መዝገብ ያለው ሰው ግን ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ቢወራረድ ማንም አይነካውም። በዚያ ዘመን ስልክና ዱቤ የማን እንደነበሩ መናገር አያሻም። የፋብሪካ ሠራተኛው ብጣሽ ወረቀትና ሳንቲሙን መንገድ ጥግ ለቆመ ተላላኪ ያቀብላል፤ ፖሊስ ሲመጣ የሚጠቁም ሌላ ሰው ደግሞ ከማዶ ይቆማል።

ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ በ1926 በውርርድ ላይ ግብር ጣለ። የመንገዱ አወራራጅ ሕገወጥ ስለሆነ መዝገብ የለውም፤ መዝገብ የሌለውን ማን ያስገብረዋል? ዕዳው የወደቀው በሕጋዊዎቹ ላይ ብቻ ነው። እነሱም ተቆጥተው በዊንዘር ሜዳ ውርርድ አንቀበልም ብለው አደሙ። የታሰበው ገቢ አልመጣም፤ ቸርችል ራሱ በ1929 ግብሩን አነሳው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የተሻለ አሰቡ፤ መጀመሪያ ውርርዱን ከመንገድ ወደ ቤት አስገቡት። በሜይ 1961 ሕጋዊ ውርርድ ቤቶች ተከፈቱ፤ ሆን ተብሎ ድብርት የሚለቁ ቤቶች። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ውስጡን ማየት የለበትም፤ ቴሌቪዥንም ሻይም የለም፤ ሰው አስይዞ ቶሎ ይውጣ ነው ነገሩ። እገዳው የላላው በ1986 ነው። በ1961 የተቋቋመው የመዋጮ ቦርድ ከአወራራጆቹ እየሰበሰበ ለእሽቅድምድም ሽልማትና ለፈረስ ሕክምና ምርምር ያውላል። ይህ ከግብሩ የተለየ ነው። ግብሩ በ1966 ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ስልክ ረከሰ፣ ኢንተርኔት ተጨመረ። በ1999 ታዋቂው አወራራጅ ቪክተር ቻንድለር ሥራውን ይህ ግብር ወደማይደርስበት ወደ ጊብራልታር አሻገረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በኦክቶበር 2001 ስሌቱን ገለበጡት። አንድ ቤት 100 ፓውንድ ውርርድ ተቀብሎ 85ቱን ለአሸናፊዎች ከፈለ እንበል። በድሮው አሠራር ግብሩ የሚሰላው በ100ው ላይ ነው፤ በ6.75 በመቶ ከቀረችው 15 ፓውንድ ግማሽ ያህሏ ትሄዳለች። ቤቱም ሸክሙን በ9 በመቶው ተቆራጭ ወደ ደንበኛው ያሸጋግር ነበር። በአዲሱ ግን ግብሩ የቀረችው 15 ፓውንድ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 2 ፓውንድ ከ25 ሆነ። ያ የ“አሁን ወይስ በኋላ” ጥያቄም አብሮ ቀረ። በእኔ ዕይታ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ብልህነት ያለበት እርምጃ ይህ ነው።

ባሕር ማዶ የሰፈሩት የኢንተርኔት አወራራጆች ግን ቶሎ አልተመለሱም። ስለዚህ ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ሕጉ ድርጅቱን ትቶ ተወራራጁን ተከተለ፤ ደንበኛህ ብሪታንያ ከተቀመጠ አንተ የትም ሁን ትገብራለህ። በ2017 ደግሞ መዋጮው፣ ከ500,000 ፓውንድ በላይ ባለው ትርፍ ላይ 10 በመቶ ሆኖ፣ እነሱንም ያዘ።

በ2025 መንግሥት የኢንተርኔት ውርርድንና የኢንተርኔት ቁማርን በአንድ የግብር መጣኔ ልጠቅልል ሲል፣ በዚህ ጊዜ ያደመው የእሽቅድምድሙ ዓለም ራሱ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን በብሪታንያ ሜዳዎች አንድም ፈረስ አልሮጠም፤ ጋላቢዎችና አሠልጣኞች ለንደን ሄደው አቤት አሉ። በኖቬምበር የወጣው በጀት የኢንተርኔት ውርርድ ግብር ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ 25 በመቶ እንዲሆን ሲወስን፣ የፈረሱን ውርርድ በነበረበት በ15 በመቶ ተወው።