ስለ ትምባሆና ስለ ሳምባ ጥቃቅን ቧንቧዎች

ሕመም ሁሉ ራሱን እያስታወቀ አይመጣም። አንዳንዱ በትኵሳትና በውጋት ይገለጣል፤ አንዳንዱ ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ገብቶ ብዙ ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ይታወቃል። ትምባሆ በሚጠጣ ሰው ሳምባ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ከጕሮሮ ወደ ሳምባ የሚወርደው የትንፋሽ ቧንቧ እንደ ተገለበጠ ዛፍ ነው። ግንዱ በሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም እንደ ገና እየተከፈሉ ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል ቅርንጫፍ ሲያወጡ፥ አየር ከደም ጋራ ወደሚገናኝባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ይደርሳሉ። ከነዚህም ውስጣቸው ከ2 ሚሊሜትር የሚጠበው ጥቃቅን ቧንቧዎች ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ጠባቦች ቢሆኑም ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ስለ ሆነ፥ ባንድነት ለአየር ሰፊ መንገድ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቢደፈኑም አየሩ በቀሩት በኩል ያልፋልና ሰውዬው አንዳች ሕመም አይሰማውም። ሚድ የተባለው ሊቅ በ1970 በአውሮፓ አቈጣጠር ይህን ስፍራ የሳምባ ዝምተኛ ክፍል ብሎ የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝም ማለቱ ግን ደኅና መሆኑን አያስረዳም። በ1968 ሆግ፥ ማክለምና ቱርልቤክ የተባሉት ሊቃውንት ሥር በሰደደ የሳምባ በሽታ የሞቱትን ሰዎች ሳምባ ቢመረምሩ፥ ትንፋሽን የሚያግደው ዋናው መዘጋት በነዚሁ ጥቃቅን ቧንቧዎች መሆኑን አገኙ። በ1974 ደግሞ በድንገት የሞቱ ወጣቶች ሳምባ ሲመረመር፥ ትምባሆ ይጠጡ በነበሩት ዘንድ ቧንቧዎቹ አስቀድመው መቈጣት ጀምረው ተገኙ። በ2011 የወጣው ምርመራም የመጨረሻዎቹ ቧንቧዎች መጥበብና መጥፋት ከከረጢቶቹ መፍረስ እንደሚቀድም አስረድቷል።

ከ1846 ጀምሮ ሐኪሞች የትንፋሽን ልክ የሚያውቁት ሃቺንሰን በሠራው ስፒሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። በሽተኛው በኀይል ይተነፍሳል፤ ባንድ ሰኮንድ ያስወጣው አየር ይለካል። ይህ መሣሪያ እጅግ የሚጠቅም ቢሆንም የጥቃቅኖቹን ጕዳት ገና በጅምሩ ለይቶ ለማሳየት አይበቃም። ስለዚህ ሌሎች መንገዶች ተፈልገዋል። በአንዱ ሰውዬው በጸጥታ ሲተነፍስ መሣሪያው በአፉ በኩል ቀላል የአየር ሞገድ ይሰድና የቧንቧዎቹን ተቃውሞ ይለካል። በሁለተኛው ንጹሕ ኦክሲጅን ተስቦ ከሳምባ የሚወጣው ናይትሮጅን ይለካል፤ በዚህም አየር ለሳምባው ሁሉ በትክክል መዳረሱ ይታወቃል። በሦስተኛው ሳምባው አየር ሲሞላና ሲያስወጣ በራጅ ዓይነት መሣሪያ ሥዕሉ ተነሥቶ፥ ሳይወጣ የቀረው አየር ያለበት ስፍራ ይታያል።

ይሁን እንጂ በነዚህ ምርመራዎች ጕዳት የተገኘበት ሁሉ ከባድ በሽታ ይይዘዋል ማለት አይደለም። ደግሞም ምርመራው ደኅና ነህ ያለው ሰው ትምባሆ እንዲጠጣ ፈቃድ እንዳገኘ ቢቈጥር ራሱን ያታልላል፤ ሳምባው ያመለጠ ቢሆን ልቡና የደም ሥሮቹ አላመለጡምና።

ዋናው ነገር ከታወቀ በኋላ የሚደረገው ነው። ፍሌቸርና ፔቶ በ1977 ባወጡት ጽሑፍ የለንደን ሠራተኞችን ትንፋሽ ስምንት ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙትን ገልጸዋል። ትምባሆ የተወ ሰው የጠፋበት ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ አይመለስለትም፤ ከተወ ወዲያ ግን የትንፋሹ መቀነስ ከቶ ትምባሆ እንዳልጠጣ ሰው ዝግ ይላል። እንግዲህ በሠላሳ ዓመቱ የተወና በስድሳ ዓመቱ የተወ ሰው የሚቀርላቸው ትንፋሽ እኩል አይደለም።

በአገራችን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን እንደ ከለከሉ በታሪክ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112ም ሕዝብ በሚገኝበት የተዘጋ ስፍራና በሥራ ቤት ውስጥ እንዳይጤስ አዟል። የመሥሪያ ቤት አለቃ ይህን ሕግ በገዛ ክፍሉ ቢያስከብር፥ የንስሓ አባትም ወጣቱን የንስሓ ልጁን ሳል ሳይጀምረው ቢመክረው፥ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። መሣሪያው ጕዳቱን ያሳያል እንጂ ሲጃራውን ከእጅ አያስጥልም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ያለ ነገር ነው።