ሣቅ በመንፈሳዊ ተውኔት

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የተደረሰውን መንፈሳዊ ተውኔት የሚመረምር ሰው፥ የመድኅን ሕማም፥ የደናግል ሰማዕትነትና የትንሣኤ ብሥራት በሚታዩበት በዚያው መድረክ ላይ ሌባና ቸርቻሪ፥ ቍጡ ንጉሥና እልኸኛ ሚስት ሕዝቡን ሲያስቁ በሚያገኛቸው ጊዜ፥ ይህ ሣቅ በየትኛው በር እንደ ገባ መጠየቁ አይቀርም። እኔ እንደማምነው፥ በሩ ቅዱስ መጽሐፍ ዝም ያለበት ስፍራ ነው።

ተውኔቱ የተወለደው በፋሲካ ሌሊት ነው። የዊንቸስተሩ ጳጳስ ኤቴልዎልድ በ10ኛው መቶ ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለእንግሊዝ መነኮሳት ባዘጋጀው ሥርዓት፥ አንዱ መነኵሴ ነጭ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ፥ ዘንባባ ይዞ በመቃብሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ካባ ደርበው፥ ጽና ይዘው፥ አንዳች ነገር የሚፈልጉ መስለው በቀስታ ይቀርባሉ፤ ከዚያም በዜማ ይጠያየቃሉ። በዚህ ውስጥ ሣቅ የለም። ነገር ግን ወንጌላዊው ማርቆስ ሴቶቹ ሽቱ እንደ ገዙ ሲናገር ከማንና በስንት እንደ ገዙ አልጻፈምና፥ የኋለኞቹ ደራስያን ሽቱ ሻጩን በዚያ ዝምታ ውስጥ አስገቡት፤ በጀርመን አገርም ሩቢን የሚባል አፈኛ አሽከርና ጨቅጫቃ ሚስት ተጨምረውለት፥ የገበያው ክርክር ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ሞላው።

በዚያው በ10ኛው መቶ ዓመት በጋንደርስሃይም ገዳም የነበረችው ህሮትስዊታ፥ የሮማዊው የቴሬንቲዩስ ኮሜዲዎች በቃላቸው ጣዕም አንባቢን እየሳቡ በነገራቸው እንደሚያሳድፉት አይታ፥ በእርሱ ስልት ንጽሕናን የሚያከብሩ ስድስት ተውኔቶች በላቲን ደረሰች። «ዱልሲቲዩስ» በተባለው ድርሰቷ፥ መኰንኑ ሦስቱን እስረኞች ደናግል፥ አጋፔን፥ ኪዮንያንና ኢሬኔን፥ በሌሊት ሊደፍር ሲሄድ አእምሮው ተሰውሮበት ወጥ ቤት ይገባና ድስቱንና መጥበሻውን እያቀፈ ይስማል፤ ደናግሉ በስንጥቅ አይተው ይሥቃሉ፤ እርሱም በጥላሸት ጠቍሮ ሲወጣ የገዛ ወታደሮቹ ጋኔን መስሏቸው ይሸሻሉ። ሰማዕታቱ ከመሞታቸው በፊት በአሳዳጃቸው የሚሥቁበት ይህ ትዕይንት፥ በእኔ ግምት፥ ስለ ሰማዕትነት ከተጻፉት ብዙ ረዣዥም ውዳሴዎች ይልቅ የግፈኛን ከንቱነት ያሳያል።

የሮማው ጳጳስ ኡርባኖስ 4ኛ በ1264 የሥጋ ወደሙን በዓል ከደነገገ በኋላ፥ በዓሉ በተስፋፋባቸው የእንግሊዝ ከተሞች ተውኔቱ ከቤተ መቅደስ ወደ አደባባይ ወጥቶ በሙያ ማኅበራት እጅ ገባ። በዮርክ የኖኅን መርከብ መርከብ ሠሪዎች፥ የጸሎተ ኀሙስን ማዕድ ዳቦ ጋጋሪዎች ያሳዩ ነበር። በቼስተር የኖኅ ሚስት ጓደኞቼን ትቼ አልገባም ብላ ስታስቸግር ልጆቿ በግድ ያስገቧታል፤ ባሏንም በጥፊ ትመታዋለች። በኮቨንትሪ ሄሮድስ በሠረገላው መድረክ ላይም፥ ወርዶ በመንገዱም እንዲቈጣ በተውኔቱ ውስጥ ትእዛዝ ተጽፏል።

ከሁሉ የሚልቀው በዌክፊልድ ስም የሚታወቀው «ሁለተኛው የእረኞች ተውኔት» ነው። ማክ የተባለው ሌባ ከእረኞቹ መንጋ በግ ሰርቆ ለሚስቱ ለጊል ይሰጣታል፤ እርሷም በጨርቅ ጠቅልላ በሕፃን አልጋ ታስተኛውና የወለደች መስላ ታቃስታለች። እረኞቹ ቤቱን ፈትሸው፥ ምንም ሳያገኙ ወጥተው ከሄዱ በኋላ፥ አንዱ ለሕፃኑ ምንም አልሰጠንም ብሎ ይመለሳል፤ ሊስመው ጨርቁን ሲገልጥ ያን ረጅም አፍንጫ ያያል። ስርቆቱ ሞት የሚያስፈርድ በደል ሳለ፥ በሸራ አድርገው ወደ ላይ እያነጠሩ ቀጥተው ይተዉታል፤ ደክመው ከተኙም በኋላ መልአኩ ይዘምርላቸዋል። እንግዲህ ሕዝቡ በአልጋ የተጠቀለለውን በግ አይቶ የሣቀው፥ በግርግም የተጠቀለለውን በግዐ እግዚአብሔር ለማየት እየተዘጋጀ ነበር፤ ጸጋውም የወረደው ስጦታ ይዘው ለተመለሱትና ለሌባው ለራሩት ነው።

ተቃውሞ አልጠፋም። የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ በ1207 በአብያተ ክርስቲያናት የሚደረገውን የጨዋታ ትርኢት ነቀፈ፤ በ1435 የባዝል ጉባኤ፥ ታናናሽ ካህናት ሥርዓተ ቅዳሴን የሚያፌዙበትን «የሰነፎች በዓል» አወገዘ። ውግዘቱን ትክክል ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ የሚሣቅበት ራሱ ምሥጢሩ ነበርና። በዮርኩ የስቅለት ተውኔት ግን ወታደሮቹ ቀዳዳው ከእጁ ርቆ ተበሳ፥ ሥራው ከበደን እያሉ እንደ ሰነፍ አናጢዎች ሲነታረኩ፥ ተመልካቹ ፈገግ ባለበት ቅጽበት ክርስቶስ ከመስቀሉ ላይ ሲናገር ይሰማዋል፤ ፈገግታውም በራሱ ላይ ይፈርዳል። በአገራችን በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾች ለበዓል ጭውውት የሚያዘጋጁ ወጣቶችም ይህን ልዩነት ቢመረምሩት እወዳለሁ፤ ሰካራሙና ጠንቋዩ ሕዝቡን ካሣቁ በኋላ ንስሓው በአንድ ስብከት ብቻ ሲለጠፍ፥ ሣቁና ትምህርቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

የአደባባዩን ተውኔት ያጠፋው የተሐድሶው ዘመን ክርክር ነው። የፓሪስ ፍርድ ቤት በ1548 ቅዱሳት ምሥጢራትን በመድረክ ማሳየትን ከለከለ፤ በዮርክ በ1569፥ በቼስተር በ1575 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ዮርክ እንደገና ያነሣችው በ1951 በቅድስት ማርያም ገዳም ፍርስራሽ ላይ ነው። ከስፔን ወደ ሜክሲኮ የተሻገረው የእረኞች ተውኔት ግን ዛሬም በልደት ሰሞን ይታያል፤ አጋንንት የቤተ ልሔምን መንገድ ሊዘጉ ይደክማሉ፥ ባርቶሎ የተባለው ሰነፍ እረኛም ጓደኞቹ ሕፃኑን እንየው እያሉ ሲቀሰቅሱት ከመኝታው አልነሣም ይላል።