ከፎገራ ሜዳ በላይ የተቆረቆሩ ከተሞች

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ወረታ ላይ ቡና ጠጥቶ፣ እግሩን አፍታቶ ይቀጥላል። በስተ ግራው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል። በክረምት ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይለመልማል፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም በረግረጉ ዳር ትግጣለች። በስተ ቀኙ ግን መሬቱ ወደ ላይ ይነሳል። ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ነገሥታቱና መሳፍንቱ መቀመጫቸውን ሲመርጡ ያዩት ወደዚህ ከፍታ ነበር።

ቀዳሚው ጉዛራ ነው። አዲስ ዘመን ታልፎ እንፍራዝ ሲደረስ፣ ከከተማዋ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ስም የሚጠራው ቤተ መንግሥት ይታያል። ንጉሡ የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ሠራዊቱ ይዘምታል፣ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ መስከረም ሲጠባ ይነቅላል። ጉዛራ ላይ ግን በድንጋይና በኖራ፣ ክብ ማማዎች ያሉት ባለ ፎቅ ሕንፃ ቆመ። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲመሠርቱ ያስገነቡት ግንብ መልኩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህም ብዙዎች ጉዛራን የጎንደር አብያተ መንግሥት ታላቅ ወንድም አድርገው ያዩታል።

በእንፍራዝ ስላለው ኑሮ የጻፈ አንድ የውጭ ሰው አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1699 እና በ1700 በኢትዮጵያ ሰንብቷል። ቤቶቹ ሁልጊዜ በሚለመልም የቁጥቋጦ አጥር እንደሚለያዩ፣ የንጉሡ ቤትም ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ከፍታ ላይ እንደተሠራ መስክሯል። በገበያዋ የዝባድና የባሪያ ንግድ ደርቶ ነበር። የኮረብታው ውበትና በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመው ግፍ በአንድ መንደር ይኖሩ እንደነበር ጎብኚው ሊያውቅ ይገባል።

ሰው ለምን ሽቅብ ወጣ? ከኮረብታ ላይ ጠላት ከሩቅ ይታያል፤ ይህ ግልጽ ነው። ከዚህ ያልተናነሰው ምክንያት ግን ወባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመና ወደ 150,000 እንደገደለ ይገመታል። ክፉኛ የተመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነው። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከዚሁ ክልል ውስጥ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ በ2,700 ሜትር ከዚያ በላይ ትቀመጣለች። ጎርፉም አለ። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ክረምት ላይ ይሞላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሜዳው ተጥለቅልቆ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ሜዳው እህሉንና ከብቱን ሲሰጥ፣ ተራራው ጤናና መጠጊያ ሰጥቷል። ከላይ ያሉት ከተሞች የቆሙት በታች ባለው ገበሬ ድካም ነው።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ያወጣል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከኋላ የመጡት ራስ አሊ አብያተ ክርስቲያናትን አሠሩባት፤ ከእነዚህም አንዱ በደቡብ ምሥራቅ ካለው ተራራ ላይ የተተከለው ኢየሱስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም መቀመጫቸው አደረጓት። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ መቅደላ ሲነሱ ግን አቃጥለዋት ሄዱ። ከዚያም አገገመች፤ እንግሊዛዊው መኮንን ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ያነጋገረው እዚሁ ነበር።

ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ ጋፋት ይገኛል። በዚህ ትንሽ ጉብታ ላይ ዋልድማየርና ሳልሙለርን የመሰሉ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ከአገሬው ሰዎች ጋር እየሠሩ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት፣ መቅደላ የደረሰው ወደ ስድስት ወር በሚጠጋ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለውን አምሳያውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ጋፋትን የረገጠ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ሊያስቆጭ ይገባል፤ ሌላው ዓለም ከኮረብታ መንደሮቹ ሲጠቀም እየታየ ነውና። በጣሊያን ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል መንደር በሚሸረሸር ገደል አናት ላይ ተቀምጣ፣ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጎብኚ በእግረኛ ድልድይ ለመግባት ይከፍላል፤ ለማዘጋጃ ቤቷም ትልቅ ገቢ ሆኗል። ከአገር ውስጥ ደግሞ በኮረብታ ላይ በድንጋይ ካብ የታጠሩት የኮንሶ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጉዛራ፣ ደብረ ታቦርና ጋፋት በአንድ የጉዞ መስመር ቢታሰሩ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች ቢመሯቸው፣ ገቢው በከፊል ግንቡን ለሚጠብቀው ቀበሌ ቢቀር፣ ዛሬ ለነዳጅና ለቡና ብቻ የሚቆመው መንገደኛ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ምክንያት ያገኛል።

ጉዞውን የሚያስብ ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጎብኚን አርቆ ቆይቷል። ሰላሙ ከተገኘ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ እህሉም ገና ከሜዳው አልተነሳም። ጉዛራን በጠዋት ወጥቶ ጣናን ማየት፣ ወረታ ላይ ምሳ መብላትና ከሰዓት ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ይቻላል። ጋፋት ለማግስቱ ይቆያል፤ ቁልቁል ሲመለሱም በጉማራ ዳር ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ለደከመ እግር አለ።