ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው ማሰር የማን ሕግ ነበር?

ፓኪስታን ውስጥ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው የሚጠብቀው ሐኪም ብቻ አልነበረም። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 325 እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም የገንዘብ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣ ነበር። በተግባር ፍርድ ቤት ቀርቦ የታሰረው ጥቂት ነው። ትልቁ ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰብ ልጁን ተሸክሞ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ «በስህተት ነው የጠጣው» ይላል። የግል ሆስፒታሉ የፖሊስ ጣጣ ፈርቶ ወደ ሌላ ይመራዋል። የተረፈው ሰው ሆዱ ታክሞ፣ ልቡን ያቆሰለው ነገር ሳይጠየቅ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። መዝገቡ ላይም «አደጋ» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ሁኔታ መንግሥት ስንት ዜጋ እንደሚሞትበት እንኳ በትክክል ሊያውቅ አይችልም።

ብዙ ሰው ይህን ሕግ ከሸሪዐ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ምንጩ እንግሊዞች በ1860 ለሕንድ ያወጡት የወንጀል ሕግ ነው። ያ ሕግና መሰሎቹ በቅኝ ግዛት አማካይነት ወደ ማሌዢያ፣ ስሪላንካና ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተዛመቱ። የሚገርመው እንግሊዝ ራሷ በ1961 ሕጉን ከአገሯ አንስታዋለች። ላስተማረቻቸው አገሮች ግን ሳይነሳ ቀረ። በእነዚያ አገሮች ሕጉ ይነሳ ሲባል «ሃይማኖታችን ሊነካ ነው» ብለው የተቃወሙ ወገኖች ነበሩ፤ ይከላከሉለት የነበረው ግን የለንደን ሕግ ነው።

በኢስላም ራስን ማጥፋት ሐራም፣ ከትላልቅ ወንጀሎችም አንዱ መሆኑ አያከራክርም። በሱረቱ-ኒሳእ ነፍሳችንን እንዳንገድል ተከልክለናል። ነፍስ አማና ናት። ነገር ግን ድርጊቱን ሐራም ማለትና ሞክሮ የተረፈውን በሽተኛ ማሰር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በቁርኣንም በሐዲስም የተወሰነ ሐድ አልተደነገገም። አእምሮውን የሳተ ሰው ወደ ልቡናው እስኪመለስ ብዕር እንደተነሳለትም የታወቀ ሐዲስ አለ።

በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ፣ ብዙ ጊዜ በሚንበር ላይ የማንሰማው አንድ ታሪክም አለ። ጡፈይል ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ከወገኖቹ አንዱን ይዞ ወደ መዲና ተሰደደ። ሰውየው እዚያ ታመመ፤ ሕመሙን መቋቋም አቅቶት በራሱ እጆች ላይ ጉዳት አድርሶ ሞተ። ጡፈይል በሕልሙ በመልካም ሁኔታ ላይ ሆኖ፣ እጆቹ ግን ተሸፍነው አየው። ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግራቸው አላህ ለእጆቹም ምሕረት እንዲያደርግለት ዱዓ አደረጉለት። ኢማም ነወዊ ይህን ሐዲስ ራሱን ያጠፋ ሙስሊም በዚህ ብቻ ከኢስላም እንደማይወጣ ማስረጃ አድርገው አብራርተውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ ሳይሰግዱ የቀሩበት ዘገባም ትክክለኛ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን የተረዱት ሌሎችን ለማስጠንቀቅ መሆኑን እንጂ ጀናዛው ያለ ሶላት ይቀበር ማለት እንዳልሆነ ነው። ይህን የምናነሳው ድርጊቱን ለማቅለል አይደለም። በሐዘን ላይ ያለችን እናት «ልጅሽ ከዲን ወጥቷል» የሚል ጎረቤት ስላለ ነው።

ወደ መንግሥታቱ እንመለስ። ፓኪስታን በታኅሣሥ 2022 አንቀጽ 325ን ሰረዘች። ማሌዢያ በ2023 ተከተለች። በዚያው ዓመት ጋና፣ በጥር 2025 ደግሞ የጎረቤታችን የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከእነዚህ ውስጥ የማሌዢያው አካሄድ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንቀጹን ሰርዘው ብቻ አልተውትም። የአእምሮ ጤና ሕጋቸውንም አብረው አሻሻሉና፣ አደጋ ላይ ያለ ሰው ሲገኝ ፖሊስን ጨምሮ የተመደቡ ሠራተኞች ወደ ሆስፒታል እንዲያደርሱት አደረጉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የጤና ሚኒስቴሩ 15555 የተባለ የስልክ መስመር ከፍቶ ነበር። ትናንት ሊያስር ይመጣ የነበረው ፖሊስ ዛሬ ሊያደርስ ይመጣል።

«ቅጣቱ ከተነሳ ሰው አይበረታታም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለዚህ የስሪላንካን ያህል የሚመልስ አገር የለም። ስሪላንካ ሕጉን ያነሳችው በ1998 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ከ100,000 ሰው ውስጥ 47 ያህሉ በዓመት ራሳቸውን ያጠፉ ነበር፤ በወቅቱ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ቁጥሩ በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ የመጣው በስብከት አልነበረም። አገሪቱ በገበሬው ጓዳ ይገኙ የነበሩትን እጅግ መርዛማ የተባይ ማጥፊያዎች ከ1995 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣች። የእርሻ ምርት ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልወደቀም።

ምክንያቱ ከሰው ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለወራት ቢቆይም ወደ ድርጊት የሚያስገባው የጭንቀት ማዕበል ብዙ ጊዜ የደቂቃዎችና የሰዓታት ነው። በዚያች ሰዓት ገዳይ ነገር በእጅ ካልተገኘ ማዕበሉ ያልፋል፤ ከሙከራ ከተረፉት አብዛኞቹም በኋላ በዚህ መንገድ አይሞቱም። «የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ስሕተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ለመንግሥታት ባወጣው መመሪያ ከዘረዘራቸው ዋና እርምጃዎች አንዱ ገዳይ ነገሮችን ከእጅ ማራቅ ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ።

በእኛ አገር ሁኔታው የተለየ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ሰው ነው። ሞክሮ የተረፈው አይከሰስም። ስለዚህ እኛ ዘንድ በሩን የዘጋው ሕግ ሳይሆን የአገልግሎቱ ማነስና ዝምታችን ነው። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ለአእምሮ ሕክምና ብቻ የቆመው ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። ከባሌ ወይም ከወሎ ገጠር በሽተኛ ይዞ እስከዚያ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ወሰነ፤ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን እንዲያክሙ መሠልጠን ጀመሩ። አቅጣጫው ትክክል ነው። ሆኖም የሠለጠነው ባለሙያ ሲዛወር አገልግሎቱ አብሮት ይሄዳል፤ መድኃኒትም ይቆራረጣል። ከዐረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ እህቶቻችንን ቤተሰብ ተቀብሎ ጓዳ የሚደብቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሩቅያ ማስደረግ መልካም ነው፤ ሐኪም ጋ ከመሄድ ግን አያግድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ እንደሌለ ነግረውን ታከሙ ብለውናል። ሙስሊሞች በደማስቆና በካይሮ ቢማሪስታን ሲያቆሙ ለአእምሮ ሕሙማንም ክፍል ነበራቸው፤ የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድም ከ1,000 ዓመት በፊት ድባቴን ከአካል ሕመም ጎን ለጎን አስቀምጦ ጽፎበታል።

የቤተሰባችሁ አባል «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ «ኢማንህ ደክሟል» ብላችሁ አትዝጉት። ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ብቻውን አትተዉት። የከብትና የሰብል መድኃኒት፣ የተረፈ ክኒንም ከቤት አውጡ። አንድ ነገር ወስዶ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ቅርብ ሆስፒታል አድርሱትና የወሰደውን ነገር ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁም «በስህተት ነው» አትበሉ። እውነቱን ከነገራችሁት ከአጣዳፊው ሕክምና በኋላ ወደ አእምሮ ሐኪም ይመራዋል።