ድጋፉ ቦታውን ይከተል ወይስ ሕፃናቱን? የቂርቆስና የካዛንችስ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ከአዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ክፍላተ ከተሞች መካከል በሕፃን ሰማዕት ስም የሚጠራው ቂርቆስ ነው። ሐምሌ 19 ቀን እንደምንዘክረው ቅዱስ ቂርቆስ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ፊት ቆመ፤ እናቱ በፈራች ጊዜም ያጸናት እርሱ ነበር። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል የእሳቱን ኃይል አጥፍቶ አዳናቸው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል ዐደባባይ አጠገብ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቅዱስ እስጢፋኖስ በመጀመሪያ የተሾመው ለችግረኞች የሚሰጠውን የዕለት ምግብ በትክክል ለማከፋፈል ነበር። የሕፃኑና የመጋቢው መታሰቢያ በአንድ ክፍለ ከተማ መገኘቱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ የአንድ አካባቢ ሕፃናትና ወጣቶች በዚያው አካባቢ ሰዎች በሚተዳደር ገንዘብ እንዴት ሊረዱ ይችላሉ?

አካባቢን መሠረት ያደረገ ድጋፍ ምንድን ነው?

በተለመደው አሠራር ረጂው አንድ ዓይነት ሥራ ይመርጣል፤ ለደብተር፣ ለምግብ፣ ለሕክምና ወይም ስሙ ለተመዘገበ አንድ ልጅ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ተመዝግቦ ታናሹ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ደብተር የተሰጠው ተማሪም እናቱ ታማ የቤት ኪራይ ካልተከፈለ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል። አካባቢን መሠረት ያደረገ ድጋፍ ግን ከሰፈሩ ይጀምራል። በሰፈሩ ያሉት ልጆች እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ ይለያል። ከዚያም አጥቢያው፣ ዕድሩ፣ ትምህርት ቤቱና በዚያ የሚሠሩ ትንንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለብዙ ዓመታት ከሚቆይ አንድ ሙዳየ ምጽዋት ወስደው በጋራ ይሠራሉ።

በውጭው ዓለም ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በኒው ዮርክ ከተማ በሃርለም ሰፈር የተሠራው ሥራ ነው። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአንድ የመንደር ክልል ተጀምሮ፣ በ1997 ወደ 24 ሰፋ፤ ልጆቹንም ከጨቅላነት እስከ ከፍተኛ ትምህርት ይከታተላል።

በመጽሐፍ ቅዱስና በአበው ሥራ

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በኦሪቱ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው ዐሥራት በዚያው ሕዝቡ በሚኖርበት ከተማ ደጅ ተከማችቶ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ ከዚያ እንዲጠግቡ ታዝዟል (ዘዳ. 14፥28-29)።

በሐዲስ ኪዳንም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው ከዕለቱ ምግብ በመቅረታቸው ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ሰባት ዲያቆናትን አስመርጠው ሾሙ (ሐዋ. 6፥1-6)። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የተረሱትን ሰዎች ኑሮና ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ለማከፋፈሉ ኃላፊነት ተሰጣቸው ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሺህ መበለታትንና ደናግልን በመዝገብ ይዛ ትመግብ እንደ ነበር ለምእመናኑ ተናግሯል። መዝገብ ያላት ቤተ ክርስቲያን ማን እንደ ቀረ ታውቃለች።

ካዛንችስ

ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው። በኋላም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአጠገቡ ተቀመጠ፤ ታላላቅ ሆቴሎችም ተሠሩ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ግን ተጠጋግተው በተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ እናቱ ከሥራ ባትገባ ጎረቤት ያበላዋል፤ የታመመውን ዕድርተኛው ይጠይቀዋል፤ ወጣቱ በሰንበት ትምህርት ቤት ታላቅ ወንድምና እኅት ያገኛል። ይህ ሁሉ በማንም በጀት ያልተመዘገበ የሕፃናት ድጋፍ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርስ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ወዳለው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛወሩ። አዲስ ቤት ያገኙ አሉ። ነገር ግን የትምህርት ዘመኑ ተጀምሮ ስለ ነበር ልጆች በመካከል ትምህርት ቤት መቀየር ግድ ሆነባቸው፤ የዕድሩ አባላትም በየአቅጣጫው ተበተኑ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በማገዱ፣ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ብቻ የሚተዳደሩ ድርጅቶች ምን ያህል ለድንገተኛ ችግር የተጋለጡ እንደ ሆኑ ታየ።

እንግዲህ ለካዛንችስ ልጆች የተሰበሰበ ድጋፍ ካዛንችስ ከፈረሰ በኋላ የማን ነው? ቦታን ብቻ የሚመለከት ሕግ ቢኖር ገንዘቡ ልጆቹ በሌሉበት ቦታ ይቀራል። መልሱን ግን በዚያው በሐዋርያት ሥራ እናገኛለን። ቅዱስ እስጢፋኖስ ከተገደለ በኋላ በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ተበተኑ (ሐዋ. 8፥1)። ከሰባቱ አንዱ ቅዱስ ፊልጶስም ወደ ሰማርያ ወረደ፤ በጋዛም መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አጠመቀ። ማዕዱ የነበረበት ቦታ ሲበተን አገልግሎቱ ሕዝቡን ተከትሎ ሄደ። የአካባቢ ድጋፍ አካባቢ የሚለው መሬቱን ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ የተሳሰሩትን ሰዎች ነው።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከዐሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ክልከላ አንሥቷል፤ ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ የሚውል ገቢ በሥራ እንዲያስገኙ ፈቅዶ፣ የአስተዳደር ወጪያቸው ከሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ደግሞ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ እያንዳንዱ አጥቢያ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲኖረው አድርጓል። መዋቅሩ አለ፤ የሚያስፈልገው ለዚህ ሥራ ማዋል ነው።

አጥቢያዎች ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ መዝገብ ይኑር። ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከዕድሮች ጋር ሆኖ ድጋፍ የሚሹትን ልጆች ይለይ፤ የተዛወሩትንም የት እንዳሉ ይመዝግብ። የልጆቹ ስም ግን በዐውደ ምሕረት የሚነገር አይሁን፤ ምጽዋት በስውር እንዲሆን ጌታችን አስተምሮናልና (ማቴ. 6፥3-4)።

ሁለተኛ፣ ነባሩ አጥቢያ ልጆቹ ከገቡበት አጥቢያ ጋር ይተሳሰር። በመሀል ከተማ ያለው አጥቢያ ከሆቴሎችና ከመሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች አሥራትና መባ ይቀበላል፤ በዳርቻ ያለው ግን ብዙ ሕፃናትና ጥቂት ገቢ ሊኖረው ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የእነርሱ ትርፍ የሌሎችን ጉድለት እንዲሞላ የመከራቸው ለዚህ ነው (2ቆሮ. 8፥13-15)። ያለዚህ አካባቢን መሠረት ያደረገ ድጋፍ ባለጠጋውን ሰፈር ብቻ የሚጠቅም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በይፋ ይቈጠር። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ ለምእመናን ይነገር፤ በኦዲተር ይመርመር። ሐዋርያው የምጽዋቱን ገንዘብ ከብዙ ወንድሞች ጋር ያስያዘው በማንም ዘንድ ነቀፋ እንዳይኖር ነበር (2ቆሮ. 8፥20-21)።

አራተኛ፣ ልጁን ሃይማኖቱን ጠይቀን አንርዳው። በካዛንችስ ዕድሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ቀብረዋል፤ አብረውም አጽናንተዋል። የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው (ሉቃ. 10፥30-37)።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ደብረ ከርቤ ሲመለሱ በረኀብ ካለቁት መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። በኋላ ለብዙ ሺህ ልጆች የተረፈው ሥራ በዚያ ቤት ተጀመረ። ከየአጥቢያችን የተዛወሩት ልጆችም ስማቸውን የምናውቃቸው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያዘመርናቸው ናቸው። አሁን የት ናቸው? ትምህርት ቤት ገብተዋልን? በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤያችንን ልንጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ረድኤት፣ የሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር