ማታ ማታ ላስተምር ብዬ

ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ግን አዲስ አበባ ተማሪ እያለሁ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና አገኘው የነበረውን ደስታ ኮድ ጽፌ አግኝቼው አላውቅም። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩና አራት ወር ቤት ተቀመጥኩ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለማስተማር ማመልከት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሌላ ሥራ ካገኘሁ በኋላም አልተውኩትም።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን የረገጠ ሰው የሌለበት የአበሻ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ቀን ፓርኪንግ ወይም ኡበር እየሠራ ማታ የሚማረው ወገናችን መጀመሪያ የሚገባው እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ነው። ከሰሌዳው ፊት ለመቆም ምን እንደሚጠየቅ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ኮሌጅ ማስተማር ሲባል የሚታየን ዶክትሬት ነው። አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሙያ ማስተርስ ይበቃል። ማስተርሱ በሌላ ሙያ ከሆነም ብዙ ቦታ የሚጠይቁት በሚያስተምሩት ትምህርት 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማመልከቻዎቼ መልስ እንኳ አላገኙም። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ማስተርሴን የሠራሁት ስዊድን ነው፤ የውጭ ዲግሪ በአሜሪካ ሲመዘን ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን የግምገማ ወረቀት አላያያዝኩም። ያለሱ ፋይሉ ዲፓርትመንቱ ጋ ሳይደርስ ሊወድቅ ይችላል። ወረቀቱን ለማግኘት የመጀመሪያ ዲግሪዬ ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ከአገር ቤት መምጣት ነበረበት፤ ታናሽ እህቴ ስንት ቀን ተመላልሳ አስላከችልኝ። እናንተ ሥራ ሳትፈልጉ በፊት ጨርሱት።

ሲቪዬም ለሶፍትዌር ኩባንያ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። የኮሌጅ ኮሚቴ ግን በማስታወቂያው ላይ የዘረዘረውን መስፈርት አንድ በአንድ ይዞ ነው የሚያነበው። ስለ ሰርቨር አውርቼ፣ አዲስ ሠራተኞችን ሁለት ዓመት ማሠልጠኔን ረስቼዋለሁ! ከተለያየ ሕይወት የመጡ ተማሪዎችን እንዴት እንደማስተምር ሲጠይቁኝም ሁለት ደረቅ መስመር ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ያልተማረውን በእንግሊዝኛ ሊፈተን የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚሰማው እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጻፍ?

በአራተኛው ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የ15 ደቂቃ የማስተማር ሙከራ ነበረው። እንደ ድሮ አስተማሪዎቼ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ሰሌዳውን ሞላሁት። ስጨርስ አንዷ የኮሚቴ አባል በትሕትና «ተማሪው የሚናገረው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሥራውንም አላገኘሁም።

ሌላ ኮሌጅ ሲጠራኝ ስታክ የሚባለውን የዳታ አቀማመጥ በእንጀራ አስረዳሁ። መጨረሻ የተጋገረው ከላይ ይሆናል፤ ሲበላም መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ከዚያ ዝም አልኩ። እንደ ተማሪ ከተቀመጡት አንዱ «የታችኛውን ብፈልግስ?» አለ። «አንተ ንገረኛ» አልኩት። «የላዩን ሁሉ ማንሳት አለብኛ» ብሎ ራሱ መለሰው። ትምህርቱም እሱ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ፈተና ጠበቀኝ። አድጀንክት የሚባለው የትርፍ ሰዓት አስተማሪ የሚከፈለው በኮርስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። ባለቤቴ ክፍያውን ለመዘጋጃው፣ ለማረሚያውና ለመንገዱ ሰዓት ሁሉ ስታካፍለው የወጣው ቁጥር እኔንም አሳፈረኝ። «ስማ፣ ልጅህን ማታ የማታይበት ዋጋ ይሄ ነው?» አለችኝ። እስካሁን ደህና መልስ አልሰጠኋትም።

በኤች ዋን ቢ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ ሥራ ለመጨመር ኮሌጁ ራሱ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት አለበት፤ ለአንድ ኮርስ ብሎ ይህን የሚያደርግ ኮሌጅ አላጋጠመኝም። ለሙሉ ጊዜ መምህርነት ከሆነ ግን የመንግሥት ኮሌጆች በየዓመቱ ከሚመደበው የ85,000 ኮታ ውጭ መሆናቸውን እወቁ።

የእንጀራዎቹ ኮሌጅ ደውሎልኛል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማታ ከአንድ ተኩል ጀምሮ፣ የፕሮግራሚንግ መግቢያ። ደብዳቤው ላይ ግን በቂ ተማሪ ካልተመዘገበ ክፍሉ ይሰረዛል የሚል መስመር አለ። ሊጀመር 11 ቀን ቀርቶታል። የሚያስፈልገው 12 ተማሪ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው 9 ነበር።