ዓሦቹን ምን ገደላቸው? ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራችን ጀርባ በፕላስቲክ ሸፍነን በሠራናት አነስተኛ ቤት ውስጥ፣ ከ60 ዓሦቻችን መካከል 53ቱ ሞተው በውሃው ላይ ተንሳፍፈው አገኘናቸው። እያንዳንዳቸው በአማካይ ሩብ ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ከጎናቸው ባለው የጠጠር መደብ ላይ የበቀሉት ሰላጣና ቆስጣ ግን እንደ ወትሮው ለምልመው ነበር። ፓምፑ ይሠራል፤ ውሃው ይዘዋወራል፤ ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያመለክታል። ከሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል የመጣው ባልደረባዬ፣ ስድስቱ ተማሪዎቻችንና እኔ እርስ በርስ ተያየን። ምርመራው የተጀመረው እዚያው ቆመን ሳለ ነው፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆኑ አንባቢያን አስቀድሞ አሠራሩን መግለጽ ያስፈልጋል። አኳፖኒክስ የሚባለው ዘዴ የዓሣ እርባታንና ያለ አፈር የሚካሄድ የአትክልት ልማትን በአንድ ውሃ ያጣምራል። ዓሣው መኖ ይበላል፤ ለሰውነቱ ያልተጠቀመበትን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ወደ ውሃው ያስወጣል። በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ደግሞ ለአትክልት ተስማሚ ምግብ ነው። ሥሮቹ ይህን ሲወስዱ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። የእኛ መሣሪያ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ 4 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር መደብና አንድ ፓምፕ ብቻ ነበር።

ይህን ዘዴ በስፋት ካጠኑት መካከል ጄምስ ራኮሲ ይገኙበታል። እርሳቸው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሪቢያን ባሕር በሴንት ክሮይ ደሴት በሚገኘው የቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። ጨው አልባ ውሃ በሚያጥርበት ደሴት ላይ እንዲህ ያለ አሠራር መታሰቡ አያስገርምም። የሚያስገርመው ያረቡት የነበረው ዓሣ ነው፤ ይኸውም የናይል ቲላፒያ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ የሐዋሳ፣ የዝዋይ፣ የጫሞና የጣና ሐይቆቻችን ነዋሪ ነው። እኔም አሠራሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልኩባት አንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ ነበር። አንባቢ ይህን «የባሕር ጠረፍ» የሚለውን ነገር ይያዝልኝ፤ ቆይቶ ያስፈልገናል።

ወደ ምርመራው እንመለስ። የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጡን የግቢው ጥበቃ ነበሩ። «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ገደማ» አሉን። ማሞቂያውም ፓምፑም ለአራት ሰዓታት ቆመው፣ መብራት ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሥራቸውን ቀጥለዋል ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ወዲያው ብርድን ከሰሱ። የአዲስ አበባ ሌሊት እንደሚታወቀው ብርዳም ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳጅ ነው፤ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ነገር ግን ክስ ያለ ስሌት አይጸናም። አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4200 ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ 1000 ሊትሩ እንግዲህ 4.2 ሚሊዮን ጁል። ሮቷችን በሌሊት የሚያጣውን ሙቀት በግምት 300 ዋት ብናደርገው፣ አንዲት ዲግሪ ለመውረድ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ቆሮሶ ለሞት የሚያሰጋው ውሃው ወደ 10 ወይም 12 ዲግሪ ሲወርድ ነው። ብርድ በነፃ ተሰናበተ።

ባልደረባዬ አሞኒያን ጠረጠረ፤ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ነበር። በቀን 200 ግራም መኖ እንሰጣለን፤ መኖው 32 በመቶ ፕሮቲን አለው። የዓሣ እርባታ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት የፕሮቲኑ 9.2 በመቶ ያህል በአሞኒያ ናይትሮጅን መልክ ይወጣል፤ ይህም በቀን 5.9 ግራም፣ በሰዓት ሩብ ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ፓምፑ በቆመባቸው አራት ሰዓታት በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ያህል ይከማቻል። በመለኪያ ቀለም ስንፈትሸውም ከዚህ ብዙም አልራቀም። ይህ መጠን ይገድላልን? መልሱ በውሃው ፒኤች ላይ የተመሠረተ ነው። መርዛማው አሞኒያ ራሱ ነው፤ አሞኒየም የተባለው የኤሌክትሪክ ሙል የያዘው መልኩ ግን ብዙ አይጎዳም። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ 9 ሲሆን ደግሞ ከሲሶ በላይ ይደርሳል። የእኛ ውሃ ፒኤች 7 ነበር። በስምጥ ሸለቆ ውሃቸው ከ8 በላይ በሆነባቸው አካባቢዎች ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ግን ይህችን ስሌት አትርሱ፤ በእኛ ዘንድ ንጹሕ የሆነው ተጠርጣሪ በእናንተ ዘንድ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚለውጡትና ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት የተለያዩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ካሳየ ወዲህ፣ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ ሲስተማር ኖሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ሙሉውን ሥራ ብቻውን የሚያከናውን ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። አንደኛው ቡድን የኔዘርላንድስ ሲሆን፣ ባክቴሪያውን ያገኘው ከዓሣ እርባታ ገንዳ ጋር በተያያዘ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ ነበር። ከእኛ ጠጠር ጋር የሚመሳሰል ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጢር ይህን ያህል ዘመን ተደብቆ መቆየቱ፣ እኔ ፊዚክስ በመማሬ የቆጨኝ ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው።

የቀረው ኦክስጅን ነው። እውነቱን ለመናገር ዓሦቹ ራሳቸው ነግረውን ነበር፤ እኛ አላዳመጥንም። አፋቸው ተከፍቶ፣ ስንጥባቸው ተገልጦ፣ አብዛኞቹ ውሃው ከቧንቧው በሚወርድበት በኩል ተሰብስበው ነበር። በሕይወት የተረፉት ሰባቱም ከሁሉም ትንንሾቹ ነበሩ፤ ኦክስጅን ሲያጥር አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው።

በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከውሃው በላይ ካለው የኦክስጅን ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ይህ ሁላችሁም በኬሚስትሪ ትምህርት የተማራችሁት የሄንሪ ሕግ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 26 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ሲጠግብ በሊትር 8.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ወደ 2350 ሜትር ከፍታ በወጣችው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ሩቡን ያህል አንሷል፤ ያው ውሃ 6 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል። መመሪያ መጻሕፍት ኦክስጅኑ ከ5 ሚሊግራም በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ። በባሕር ጠረፍ ያለው ገበሬ እንግዲህ የ3.1 ሚሊግራም መጠባበቂያ አለው፤ እኛ 1 ሚሊግራም እንኳ በቅጡ የለንም። እኔ ግን የዓሣውን ብዛት የወሰንኩት በጠረፏ ከተማ ካየሁት ቀድቼ ነበር። የጋዞችን ሕግ በየዓመቱ የማስተምር ሰው ሆኜ ይህን አለማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። በሮቷችን ውስጥ የነበረው ጠቅላላ ኦክስጅን ቢበዛ 6 ግራም ነው። 15 ኪሎ የሚመዝኑ ዓሦች፣ አንድ ኪሎ ዓሣ በሰዓት ሩብ ግራም ያህል ይጠቀማል ብንል፣ በሰዓት 3.75 ግራም ይጨርሳሉ። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ኦክስጅኑ ወደ አደገኛው 2 ሚሊግራም የሚወርደው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍም ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ቢያገኙ ነው፤ አራት ሰዓት አይዘልቁም ነበር። ስለዚህ ከፍታው ተባባሪ እንጂ ዋና ጥፋተኛ አይደለም። ዋናው ጥፋት ብዙ ዓሣ በትንሽ ውሃ አጭቄ የሕይወታቸውን እስትንፋስ በአንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ ማንጠልጠሌ ነው። አትክልቱ የዳነው ፓምፑ ሲቆም ውሃው ከጠጠሩ ወርዶ ሥሮቹ አየር ስላገኙ ነበር።

ስለዚህ ዘዴ የሚነገረውን ውዳሴ ሁሉ ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ እሰማለሁ። «ያለ ማዳበሪያ» ይባላል፤ ሆኖም ማዳበሪያው በመኖው ውስጥ ተገዝቶ የገባ ነው፤ ብረት፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ መጨመር አለባቸው። «ያለ ወጪ» ይባላል። በሰዓት 1000 ሊትር ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንድፈ ሐሳብ 4 ዋት ይበቃል፤ አነስተኛ ፓምፖች ግን ብዙ ኃይል ስለሚያባክኑ የእኛው 20 ዋት ይወስዳል፤ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሊቋረጥ አይገባውም። ውሃን መቆጠቡ ግን እውነት ነው፤ በትነትና በቅጠሎቹ በኩል የሚወጣውን ብቻ እንተካለን።

አሁን የምናረባው 30 ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣውን በግማሽ መቀነስ የመትረፊያውን ጊዜ በእጥፍ ያራዝማል፤ ከሁሉ የረከሰው መድኃኒትም ይኸው ሆኖ አግኝተነዋል። የሰላጣውን መደብም ወደ 2 ካሬ ሜትር አሳንሰናል። ተማሪዎቹ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ፣ 5 ዋት የሚወስድ አየር መንፊያ ከአንድ የ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝተዋል። ውሃን ወደ ላይ ከመግፋት አየርን ወደ ውሃ መንፋት ኃይል ይቆጥባል። ባትሪው 50 አምፔር ሰዓት ስለሚይዝ፣ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ በስሌት 60 ሰዓት ሊያቆየን ይገባል። እስካሁን በተግባር የፈተነው ረጅሙ ጨለማ ግን የ6 ሰዓት ነው።